አዳነችና የሰው ድስት

ጭሮ ከተማ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ አዳነች የምትባል ሴት አለች። ከእሷ ሱቅ በርበሬ ያልገዛ ሰው ብዙ ነው፤ እሷ ወጡን ያልቀመሰችበት ሰው ግን በከተማው የለም ማለት ይቻላል። ሰው ቤት ስትገባ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ምድጃው ላይ ያርፋል። ከተቀመጠች ትነሳለች፣ ከተነሳች ክዳን ትከፍታለች፣ ክዳን ከከፈተች ደግሞ አለቀ። "ጨው ይጎድለዋል" ትላለች። በዕድሜዋ ጨው ያልጎደለው ወጥ አጋጥሟት አያውቅም፣ ራሷ የሠራችው ካልሆነ በቀር።

ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆንማ ሰው አንዴ ተጣልቷት ይገላገል ነበር። ችግሩ ለሰው አሳቢ መሆኗ ነው። የጎረቤቷ ወጥ ጨው አንሶት እየተበላ ነው ብላ ካሰበች እህል አይወርድላትም። አንድ ጊዜ ቦርደዴ ለቅሶ ሄዳ፣ አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ከድንኳኑ ጀርባ የንፍሮውን በርሜል ከፍታ ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ የእድሩ ሴቶች ተሰብስበው፣ አዳነች ከሽንኩርት መላጫው አልፋ ወደ ጉልቻው እንዳትደርስ ወሰኑ። ውሳኔውን ሲነግሯት "እኔ ምን ቸገረኝ፣ የምትጎዱት እናንተ" አለችና ቢላዋ አነሳች። ብዙም ሳትቆይ አጠገቧ የተቀመጡትን ሴቶች ሽንኩርት እንዴት እንደሚላጥ ታስተምር ጀመር።

ባሏ ዋሲሁን በመቻራ መስመር ቡና የሚጭን ሾፌር ነው። ያ መንገድ ወገብ ይቆርጣል እየተባለ ሾፌሩ ሁሉ ሲያማርር፣ ዋሲሁን አንድም ቀን ሲያማርር ተሰምቶ አያውቅም። እዚያ ሄዶ ሲበላ ሳህኑ ላይ የሚዘረጋ እጅ የለም። ቤቱ ሲሆን ግን ጉርሻው አፉ ሳይደርስ "ቆይ ቆይ" ትለውና ጨው ነስንሳ ትመልስለታለች። ሐኪም ጨው ቀንስ ብሎት ነበር። "እሱ የሆቴሉን ጨው ነው" አለች አዳነች።

የመሰላው ወንድሟ የጀምበሩ ቤት ደግሞ ለእሷ ሁለተኛ ሱቋ ነው። ከመሰላ ወጣ ብሎ ባለው በአባታቸው መሬት ላይ ማሽላ፣ ትንሽ ቡና፣ ትንሽ ጫት ይዞ ይኖራል። አዳነች ወደዚያ የምትወጣው ወቅት እየቆጠረች ነው። የበቆሎ እሸት ሲደርስ ትመጣና አጠባበሱን ታርማለች፤ የማሽላ እሸት ሲፈለፈል ትመጣና አፈላፈሉን ታርማለች። ልጆቹ ጥንቅሽ ሲመጥጡ እንኳ ከየትኛው አንጓ መጀመር እንዳለባቸው ትነግራቸዋለች። ዘንድሮ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጉዳይ መጥቶባታል።

ጉዳዩ የኤደን ሠርግ ነው። ኤደን የጀምበሩ ልጅ ናት፤ ሠርጓ እዚያው ገጠር ቤት ለጥር ተቆርጧል። አዳነች ልጅ አልወለደችም፤ ኤደንን ጡት ብቻ ነው ያላጠባቻት። ስለዚህ የሠርጉን ወጥ ቤት ማን ይምራው የሚባለው ነገር ጥያቄ መሆኑ ራሱ ቆሽቷን አሳረረው። ጥያቄ ያደረገችው የጀምበሩ ሚስት እንቁ ናት። እንቁ ጥቂት የምትናገር፣ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ናት።

"እትዬ አዳነች" አለቻት፣ ኅዳር እንደገባ ለማሽላ ቆረጣው ከጭሮ የመጣች ዕለት። "ሐሙስ ጉዛ አለብን። የክርስቲያኑን ድስት እርስዎ ይሠሩልኛል። የሙስሊሙን፣ የጎረቤታችንን የሀሊማን ድስት ሳይነኩ ከዋሉ የኤደን ሠርግ ወጥ ቤት የእርስዎ ነው። ከነኩ ግን ሠርጉ ዕለት ከእንግዶቹ ጋር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።"

"ወንበር ላይ?"

"ለብሰው፣ አጊጠው። ምግቡን ሰው ያቀርብልዎታል።"

አዳነች ከዚህ የከፋ ቅጣት አታውቅም። አፏን ሞልታ እሺ አለች።

ጉዛ በዚያ አገር ደቦ ማለት ነው። ማሽላው ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ዛሬ ለጀምበሩ፣ ነገ ለሌላው። የደረሰ ማሽላ ቀጠሮ አያውቅም፤ ወፉ አለ፣ ዝንጀሮው አለ፣ ያለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ አለ። ሰውም ጉልበቱን ይዞ ሲመጣ ሆዱንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምሳው ከተበላሸ በማግስቱ ግማሹን ወገቡን ያመዋል። በጉዛ ቀን ታዲያ ድስቱ ሁለት ነው። ሁለት ፍየል ይታረዳል፤ አንዱን ጀምበሩ በስመ አብ ብሎ፣ አንዱን ጎረቤቱ ሙሜ ቢስሚላህ ብሎ። ስጋው አይገናኝም፣ ድስቱ አይገናኝም፣ ጭልፋው አይገናኝም። ሰዉ ግን ሲያጭድ የዋለው አንድ ማሳ ላይ ነው፣ ለምሳ የሚቀመጠውም አንድ ዋንዛ ሥር ነው።

የሙስሊሙን ድስት የምትሠራው የሙሜ ሚስት ሀሊማ ናት። ድስቷን፣ ክዳኗን፣ ጭልፋዋን ከቤቷ ይዛ ትመጣና ጀምበሩ ግቢ ከእንቁ ጉልቻ ጎን ትጥዳለች። ሲወርድ ሲዋረድ እንዲህ ነው የኖሩት፤ ማንም ለማንም ማስረዳት አስፈልጎት አያውቅም። ሐሙስ የተመረጠውም ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ጾም፣ ዓርብ ደግሞ የሙስሊሙ ጁምዓ ስለሆነ ነው። የገና ጾምም ሳይገባ መድረስ አለበት።

አምና በዚሁ ጉዛ ሀሊማ ዞር ባለች ቁጥር አዳነች በድስቷ ላይ ቁንጥር ጨው ጣል ስታደርግ ዋለች። ከምሳ በኋላ ቆራጮቹ ማሽላውን ትተው ውሃ ፍለጋ ከጀሪካን ጀሪካን ሲዞሩ ነው የመሸው። ሀሊማ ያኔ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዝም ማለቷን አዳነች እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

ሐሙስ ጠዋት እንቁ ለአንድ ድስት የሚበቃ ጨውና በርበሬ በሳህን ለክታ ሰጠቻት። የቀረውን ቤት አስገብታ ቆለፈችበት፣ ቁልፉንም በክር አንገቷ ላይ አሰረችው። አዳነች አይታ እንዳላየች ሆነች፤ መቀነቷ ውስጥ ከሱቋ የቋጠረችው ጨው ነበራት። ወንዶቹ ጫታቸውን በጉንጫቸው ይዘው፣ እየዘፈኑ ወደ ማሳው ወረዱ። ሀሊማ ትልቁን ድስቷን እንደተከደነ አምጥታ ጣደችው። አጠገቡም በትንሽ መጥበሻ ሽንኩርት ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ታቁላላ ጀመር።

ረፋዱ ላይ አዳነች ሥራ አለቀባት። እንቁ የለካችላት ጨው ገብቷል፤ የመቀነቷም ጨው፣ ጨው ይጎድለዋል እያለች፣ ጥቂት በጥቂት ተከትሎት ገብቷል። ድስቷ እየተንተከተከ ከእሷ ምንም አይፈልግም። ተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ተነስታ እንጨት ቆሰቆሰች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከጎኗ የሀሊማ ድስት ክዳኑ እየተንቀጫቀጨ ይፈላል።

"ሀሊማ፣ ቁሌቱ አልፈጠነብሽም?"

"አልፈጠነም።"

"እኔ ምን ቸገረኝ። ለማለት ያህል ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ሀሊማ፣ ቀና ሳትል።

የዙሁር ሶላት ሲደርስ ሀሊማ የቁሌቱን መጥበሻ አንስታ "ሰግጄ መጣሁ" አለችና በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቤቷ ተሻገረች። እንቁ ኤደንን አስከትላ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ግቢው ውስጥ አዳነችና ሁለት ድስት ብቻ ቀሩ።

መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። እውነት ለመናገር ከልቧ ነበር ያዞረችው። ግን ሽታው ተከትሏት መጣ። የሀሊማን ስጋ እንደማትቀምስ ታውቃለች፣ ቀምሳም አታውቅም። መቅመስ ግን ለማያውቁ ሰዎች ነው፤ እሷ በአፍንጫዋ ታውቃለች። አፍንጫዋን ወደ እንፋሎቱ አስጠጋች። ጨው ይጎድለዋል። ጨው ብቻም አይደለም፣ ወዝ የለውም። ከንጋት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የዋለ ሰው ይህንን ሊበላ ነው፤ ሀሊማም በሰው ፊት ልታፍር ነው። አንጀቷ አልችል አለ። ለራሷ አይደለም፣ ለሀሊማ ነው።

ጨው ፈለገች። መቀነቷ ባዶ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ እንቁ አንገት ላይ ሆኖ ወንዝ ወርዷል። ስለዚህ እጇ ያገኘውን አደረገ። ከራሷ ድስት ላይ ወዙ የተንሳፈፈበትን ወጥ በጭልፋ ሙሉ ቀዳች። የሀሊማን ክዳን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ገርበብ አደረገች። ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ እሷም ሀሊማ የምትመጣበትን የአጥር ቀዳዳ እየጠበቀች፣ ውስጡን እንኳ ሳታይ ገለበጠችው። በጭልፋው አማሰለችው። ደገመችው። ክዳኑን መለሰችና እፎይ ብላ ተነፈሰች።

ያኔ ጭልፋውን አየችው።

ክው አለች። ጭልፋው የእሷ ነው፤ ጭልፋው ላይ የተጣበቀው ስጋ ጀምበሩ ያረደው ነው። ሕፃን የሚያውቀውን፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታውቀው የኖረችውን ነገር እጇ ሳያማክራት ጣሰው። አሁን ያ ድስት ለሙሜ አይሆንም፣ ለሀሊማ አይሆንም፣ ከማሳው ለሚመጣው ሙስሊም ሁሉ አይሆንም። ለክርስቲያኑም አይሆንም።

ዞር ዞር ብላ አየች። ከአንዲት ዶሮ በቀር ያያት የለም። ዝም ካለች ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ፤ ጥር ሲመጣም የወጥ ቤቱ እመቤት እሷው ናት። እግዜር ያያል የሚለውን ነገር ላለማስታወስ እንጨት ትቆሰቁስ ጀመር። ድስቱን ገፍትሮ ደፍቶ ውሻ ደፋው ማለትም መጣላት። የጀምበሩ ውሻ ግን አርጅቶ ከተኛበት ለመነሳት ሰው የሚያስፈልገው ነው፣ ማን ያምናታል።

የከነከናት ሌላ ድስት ነው። ሀሊማ ቤት መደርደሪያው ላይ ቅቤም ወተትም ነክቷት የማታውቅ አንዲት ትንሽ ድስት አለች። አዳነች በሁዳዴ ጾም ወንድሟን ልትጠይቅ ስትመጣ ሀሊማ ምስር የምትቀቅልላት በዚያች ድስት ነው። አንድ ጊዜ የሀሊማ ልጅ ሳታውቅ ወተት ልታፈላባት ስትል፣ ሀሊማ ከእጇ መንጭቃ "የአዳነች የጾም ድስት ናት" ስትል አዳነች በጆሮዋ ሰምታለች። ያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር። ምስሩ ላይ ጨው ብትጨምርበትም ደስ ብሏት ነበር። አሁን ያቺ ድስት ከዓይኗ አልጠፋ አለች።

ቆራጮቹ ከማሳው ወጡ። ሁሉም ዋንዛው ሥር ተቀመጠ፣ ሙሜም ጀሪካን ይዞ ያስታጥብ ጀመር። እንቁና ኤደን ውሃቸውን አወረዱ። ሀሊማ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለችና ወደ ድስቷ መጣች፤ ጆሮዎቹን በጨርቅ ይዛ ልታወርደው ጎንበስ አለች።

"ሀሊማ፣ አታንሺው" አለች አዳነች።

"ምነው?"

አዳነች እንቁን አየች፣ ኤደንን አየች። ሠርጉ ከነድንኳኑ፣ ከነድስቱ ከእጇ ሲወጣ ታያት።

"ጭልፋዬን አስገብቼበታለሁ" አለች። "ከእኔ ድስት፣ ከእኛ ስጋ። አንዴም አይደለም። ሰው እንዳይበላው።"

ሙሜ ጀሪካኑን እንዳዘነበለ ቀረ፤ ውሃው ጀምበሩ ጫማ ላይ ይፈሳል፣ ጀምበሩም እግሩን አላነሳም። እንቁ የአንገቷን ቁልፍ ጨበጠች፤ ጨውን ቆልፋ ጭልፋውን መርሳቷ አሁን ገና ገባት። አዳነች እጇን አጣምራ ቆመች።

ሀሊማ ድስቱን ለቀቀችው። ትከሻዋ መርገፍገፍ ጀመረ። አዳነች አለቀሰች ብላ ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ፣ ሀሊማ ሳቋ አሸንፏት በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

"ወላሂ አዳነች፣ ክዳኑን ከፍተሽ አላየሽውም?" አለች፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

"ጭስ ነበር።"

ሀሊማ ክዳኑን አነሳችው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ድስቱ ውስጥ የሚፈላው የድንች ልጣጭ፣ የዱባ ቅርፊትና የማሽላ ገለባ ነው። ላዩ ላይ የአዳነች ወጥ ቀይ ወዝ ሠርቶ ይንሳፈፋል።

"የሰንጋው ነው" አለች ሀሊማ። "የእኛ ስጋ ቤቴ ነው የተጣደው። አምና ያን ሁሉ ውሃ ጠጥቼ ዘንድሮ ካንቺ አጠገብ ወጥ ልጥድ? ቁሌቱን እዚህ የሠራሁትም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

ሰንጋው ለኤደን ሠርግ የሚቀለበው የጀምበሩ በሬ ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ታስሮ፣ ሙሜ እንደ ልጅ በእጁ እያጎረሰ የሚያወፍረው እሱን ነው። አዳነች ጨው ይጎድለዋል፣ ወዝ ይጎድለዋል ብላ አንጀቷ የተንሰፈሰፈለት የበሬ ቀለብ መሆኑ ሲገባው ዋንዛው ሥር ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጀምበሩ ሊቆጣ ፊቱን አኮሳተረና አልቻለም። ኤደን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

አዳነች የተናደደችው ጭንቋ ከለቀቃት በኋላ ነው። "እንዲህ ነው ለካ የምታምኑኝ" አለች። እውነትም ተከፍታ ነበር። "እዚህ አገር ለሰው ማሰብ ነውር ሆኗል።" ትንሽ ቆይታ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ሽታው የስጋ እንዳልሆነ መጀመሪያውኑ እንደጠረጠረች ታወራ ጀመር። እየሳቁ ሰሟት።

እውነተኛው የሀሊማ ድስት በአጥሩ ቀዳዳ መጣ። ሰዉ በየፊናው በላ። ሙስሊሞቹ በልተው አመስግነው እጃቸውን ታጠቡ። ክርስቲያኖቹ ግን ከአዳነች ወጥ ሁለት ሁለት ጉርሻ ሳይሞላቸው እንቁና ኤደን የቀዱትን ውሃ ጨረሱት። አንዱ እየጎነጨ ወደ ሰንጋው ቀለብ ሲያይ አዳነች አይታዋለች።

ሰዉ ወደ ማሳው ከተመለሰ በኋላ ሙሜ ያንን ድስት ለመድፋት ሳሳ። ስጋውን ለቅሞ ለውሻው ጣለና የቀረውን ለሰንጋው አቀረበለት። በሬው አፍንጫውን አስጠጋ፣ ምላሱን አንዴ ሰደደ፣ ራሱን አራግፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ይኼ በሬ ያቀረብኩለትን እምቢ ብሎ አያውቅም" አለ ሙሜ፣ ግራ እንደገባው። ማጭዱን አንስቶ ወደ ማሳው ሄደ።

አዳነች ብቻዋን ከበሬው ጋር ቆመች። ወዲያ ወዲህ አየችና ጣቷን ከድስቱ ነክራ ቀመሰች። ይህን ስታደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ወጥ እንደ ሰው ወጥ መቅመሷ ነው። ፊቷ ተጨማደደ። ምራቋን መዋጥ አቃታት።

እንቁ ባልዲ ይዛ ከኋላዋ መጥታ ነበር። "ምን ይጎድለዋል?" አለቻት።

አዳነች ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። "ጨው አብዝቼበታለሁ።"

እንቁ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ይህን ቃል ከዚህች ሴት አፍ ጀምበሩም፣ ዋሲሁንም፣ የጭሮ እድር ሴቶችም ሰምተውት አያውቁም።

"ድስቱን ሲነኩ ያየዎት ሰው አልነበረም" አለች።

"አልነበረም።"

"ዝም ቢሉ ሠርጉ የእርስዎ ነበር።"

አዳነች ዓይኗ እንባ ሞልቶ በሬውን ታያለች።

"ጥር ላይ ወጥ ቤቱን ይይዛሉ" አለች እንቁ። "ጨውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።"

አዳነች እንባዋ ወረደ። እንቁን ልትስማት ስትጠጋ፣ ሀሊማ ከአጥሩ ወዲያ ራሷን ብቅ አድርጋ "እኔ የሠርጉንም ድስት የምጥደው ቤቴ ነው፣ ከአሁኑ ልንገርሽ" አለቻት።

"ደግ ነው፣ ሀሊማዬ" አለች አዳነች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። ከዚያ ሰንጋውን ዞራ ከላይ እስከታች አየችው። ጎኑ ትንሽ ጎደል ያለ መሰላት፣ ቀለቡ ላይ አንድ የሚጎድል ነገር ያለ መሰላት። ልትናገር አፏን ከፈተችና እንቁን አይታ መልሳ ዘጋችው።